ጉድጓዱን ቆጥረን እሳቱን የረሳን

በዋግ ኽምራ፣ ሰሃላ ውስጥ ካረፍኩበት ቤት ጓሮ፣ ፀሐይ በሚያገኘው የድንጋይ ካብ ላይ ኩበት ተለጥፎ ይደርቃል። ጠጋ ብዬ አየሁት። በእያንዳንዱ ላይ አምስት ጣት አለ። የቤቱ እናት እበቱን ከገለባ ጋር ለውሰው፣ በሁለት እጃቸው ጠፍጥፈው፣ ካቡ ላይ ሲለጥፉት መዳፋቸው ታትሞ ቀርቷል። አውራ ጣታቸው ከሌሎቹ ጠለቅ ይላል። በቀኝ በኩል ዝቅ ብለው ያሉት ደግሞ ትናንሽ ጣቶች ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ለጥፋቸው ነው። ከካቡ ማዶ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የማሽላ ማሳ አለ። አገዳው ቀጥኗል፣ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ግብርና ያልተማረ ሰው እንኳ ያንን ቢጫ ሲያይ አፈሩ እንደራበው ያውቃል። የአፈሩ ምግብ ግን ካቡ ላይ ነው፤ ማታ ከምጣድ ሥር ይገባል።

«እናቴ፣ ይህን ማሳው ላይ ቢበትኑት አይሻልም?» አልኳቸው።

«በምን ልጋግር ልጄ?»

ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔም ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መልስ አልያዝኩም ነበር።

ዋግ ኽምራን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እንጨቱ ከተራራው ካለቀ ቆይቷል። እዚህም እዚያም ቀና ማለት የጀመረው ቁጥቋጦ በስንት እርከንና በስንት ክልከላ የተመለሰ ነውና ቁረጡት ብሎ የሚመክር አይገኝም። ስለዚህ ማገዶው ከከብት ኋላ ይለቀማል። ኩበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ በአመዱ የሚቀረው ጥቂት ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው። በየዓመቱ ማሳው የሰጠውን ድርቆሽና አገዳ ከብቱ ይበላል፣ ከብቱ የሰጠውን እሳት ይበላል፣ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። ጎደለ የተባለውን ለመሙላት ገበሬው በከረጢት የሚሸጥ ማዳበሪያ ፍለጋ ወረፋ ይይዛል። ጭሱም ባዶውን አይሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ ያለ ዕድሜው ሞቷል። ከነዚህ ውስጥ በእናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ጭሱን የሚስቡ ሕፃናት ብዙ ናቸው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ቃል ሲገባ ያንን ቃል በዋግ ዋና ከተማ ስም ጠራው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ስሙ ከዚህ የተወሰደው በ1977ቱ ረሃብ ዋግ የከፈለው ዋጋ ገና ስላልተረሳ ይመስለኛል። ቃል ኪዳኑ ስለ ወተት፣ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ጓሮ አትክልት ብዙ ይላል። ከምጣድ ሥር የሚገባውን አፈር ያህል ግን ለልጅ ምግብ ቅርብ የሆነ ነገር አላውቅም።

እበቱ ለማሳውም ለምጣዱም የሚበቃበት መንገድ አለ። ባዮጋዝ ይሉታል። ስሙ የባዕድ ቢሆንም ሥራው ለአገሬ ሴት እንግዳ አይደለም። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ጥንስሱን ጋን ውስጥ አድርጋ፣ አፉን ከድና ትመርገዋለች። አየር እንዳይገባ ነው። በሦስተኛው ቀን ጆሮዋን ብታስጠጋ ውስጡ ሲፈላ ትሰማለች፤ እሳት ግን የለም። የሚያፈላው በዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር ነው። የእንጀራ ሊጥ ኩፍ ሲል የሚታየው አረፋ፣ እንጀራው ላይ የሚቀረው ዓይን፣ ሁሉም የነዚህ ደቃቅ ፍጥረታት ትንፋሽ ነው።

የባዮጋዝ ጉድጓድም የተመረገ ጋን ነው። ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራል፤ ጣሪያው እንደ ተደፋ ቅል ክብ ነው። በአንድ በኩል እበትና ውሃ ተበጥብጦ ይገባል። ውስጥ አንዱ የባክቴሪያ ወገን ገለባውንና ቅጠሉን ይሰባብራል፣ ሌላው የተሰባበረውን ወደ ሆምጣጤ መሰል አሲድ ይለውጣል። ከሁሉም በኋላ የሚመጡት፣ ሳይንስ አርኬያ ብሎ ከባክቴሪያ ለይቶ የሚጠራቸው፣ አየር ከነካቸው የሚሞቱ ጥንታዊ ፍጥረታት፣ ከዚያ አሲድ ሚቴን ይሠራሉ። ለእነሱ እርሾ መግዛት አያስፈልግም። ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ የሚያመሰኳ ሁሉ በሆዱ ይዟቸው ይዞራል፤ በሬ ሲታረድ ከጨጓራው የሚወጣው ፈርስ በነሱ የተሞላ ነው። እበቱ ራሱ እርሾውን ይዞ ይመጣል።

ከላይ የሚጠራቀመው ጋዝ ከግማሽ በላይ ሚቴን ነው። በቧንቧ ወደ ማድቤት ሲገባ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል፤ ጭስ የለውም፣ ድስት አያጠቁርም። በሌላው በኩል የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ የገባውን ናይትሮጅን ከሞላ ጎደል እንደያዘ ነው፤ ያውም ተክል ቶሎ በሚስበው መልክ። ፀሐይ ላይ ከተተወ ግን ናይትሮጅኑ ይተናል። ጥላ ሥር፣ ከገለባ ጋር ተደራርቦ መቀመጥ አለበት። ይህን የሚነግራቸው አጥተው ዝቃጩን ሜዳ ላይ ያፈሰሱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ከጋዙ የሚበልጠው ሀብት እሱ ነበር።

ልኩን ልናገር። አንድ ኪሎ የከብት እበት ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሰጣል። አራት ያህል ከብት ያለው ሰው ከበረቱ በቀን 20 ኪሎ ቢሰበስብ 800 ሊትር አካባቢ ያገኛል። አንድ ምድጃ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ይበላል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ያህል የሚነድ እሳት ነው፤ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል፣ የሕፃን ገንፎ ይገነፋል።

ነገሩ ለኢትዮጵያም አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ጉድጓድ የተሠራው አምቦ እርሻ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቦታው ጥቂት ጥቂት ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በኔዘርላንድስ የልማት ድርጅቶች በኤስኤንቪና በሂቮስ ድጋፍ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ተጀመረ። ንድፉ ከኔፓል የመጣ ነው፤ ተራራማ፣ ከብት አርቢ፣ እንደኛው ማገዶ ያለቀባት አገር ናትና መመሳሰሉ ጥሩ ነበር። ለአገራችን እንዲስማማ ተስተካክሎ «ስንዱ» ተባለ። ስሙን ወድጄዋለሁ። የተሰናዳች፣ ጓዳዋ የተሟላ ሴት ነው ትዝ የሚለኝ። በአምስት ዓመት 14 ሺህ ጉድጓድ ሊሠራ ታቅዶ ከ8 ሺህ ትንሽ ያለፈ ተሠራ፤ ከዚያም በተከታታይ ምዕራፎች ብዙ ሺህ ተጨመረ። ግንበኞች ሠለጠኑ። በየቤቱ ሰማያዊ እሳት የበራላቸው እናቶችን አይቻለሁ፤ ደስታቸው እውነተኛ ነው።

ያየሁት ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። በክልላችን በሌላ ወረዳ አንድ ደግ ገበሬ ቤት ገብቼ ነበር። ጉድጓዱ አለ፤ የማስገቢያው ጉሮሮ ላይ ሣር በቅሏል። ቧንቧው በግድግዳው ታክኮ ማድቤት ይገባል። ከምድጃው ጋር የሚያገናኘው ጎማ ተሰንጥቆ፣ ሰውየው በጨርቅ አስሮት፣ ጨርቁም አርጅቶ ተበጥሷል። ምድጃው ላይ ረከቦት ተቀምጧል። ጎማው ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ደጋግሜ አመለከትኩ፤ መጥቶ ያየው የለም» አለኝ። ያ ቤት በሪፖርት ላይ ግን ከባዮጋዝ ተጠቃሚዎች አንዱ ነው። ጉድጓዱ የተሠራ ቀን ተቆጥሯል። እሳቱ የጠፋበትን ቀን የመዘገበ የለም። የተሰነጠቀው አንድ ክንድ ጎማ ነበር።

እኔ የምለው ይህን ነው። የተሠራ ጉድጓድ መቁጠር ይብቃን፤ ዛሬ ጠዋት ስንት ቤት ሰማያዊ እሳት ነደደ ብለን እንቁጠር። አንድ የወረዳ ኃላፊ ሪፖርት ሲጠየቅ «ከሁለት ዓመት በፊት ከሠራናቸው ውስጥ ዛሬ የሚነዱት ይህን ያህል ናቸው» እንዲል ቢገደድ፣ የጎማ መለዋወጫ ገበያ ላይ ይገኛል፣ ግንበኛው ተመልሶ ይመጣል፣ ውሃ የሌለበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚቸኩል ሰውም ቆም ይላል። ማንም ለመሳሳት ብሎ አልተሳሳተም። የቆጠርነውን ነው የምናገኘው፤ ጉድጓድ ቆጠርን፣ ጉድጓድ አገኘን።

የእንጀራው ጉዳይ ደግሞ አለ። ገጠር ቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላዩን የሚወስደው ምጣድ ነው። ስንዱ ከኔፓል ስትመጣ ምድጃዋ ለሩዝና ለምስር ድስት የተሠራ ነበር። ከሃምሳ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የሸክላ ምጣድ እኩል አግሎ፣ ሃያና ሠላሳ እንጀራ እስኪያልቅ ሙቀቱን ጠብቆ መቆየት ለዚያች ትንሽ ነበልባል ከባድ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በጋዝ የሚሠራ ምጣድ የሞከሩ መምህራን አሉ፤ ሙከራቸው ከመደርደሪያ ወርዶ ገበያ እስኪገባ ድረስ ግን እናት ለወጡ ጋዝ፣ ለእንጀራው ኩበት እንደያዘች ትኖራለች። እስከዚያው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን ወደ ግማሽ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ሁለቱ አብረው ቢገቡ ካቡ ላይ ከሚለጠፈው ኩበት ብዙው ይቀራል። እስካሁን ግን አንዱን የሚያስገባው ሰው ሌላውን ከሚያስገባው ሰው ጋር ሲነጋገር አላየሁም።

ወደ ሰሃላ ልመለስ። ሰሃላ ቆላ ነው፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ሙቅ አገር። ሙቀቱ ለማሽላው ፈተና ቢሆንም ለእነዚያ ጥቃቅን ፍጥረታት ድግስ ነው። እነሱ የሚወዱት 35 ዲግሪ አካባቢን ነው፤ ከ15 በታች ሲወርድ ይተኛሉ። ሰቆጣ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጋዝ የሚቀንሰው ለዚህ ነው፤ እዚያ ጉድጓዱን በአፈርና በገለባ አልብሶ ማሞቅ ያሻል። ሰሃላ ይህ ችግር የለበትም። የሰሃላ ችግር ሁለት ነው፤ ከብትና ውሃ።

በ2015 ዓ.ም ክረምት ዝናቡ ሲቀር በሰሃላ ሰየምት፣ በዝቋላና በአበርገሌ ብዙ ከብት አለቀ፤ ሰውም ቀዬውን ጥሎ የተሰደደበት ጊዜ ነበር። ያረፍኩባቸው እናት ከአምስት ከብት ሁለት ቀርቷቸዋል፤ ጥቂት ፍየሎችም አሏቸው። ሁለት ከብት ለአንድ ጉድጓድ አይበቃም። የፍየል በጠጥ ግን ጥሩ ነው፤ ደርቆ ከገባ ይንሳፈፍና ላዩ ላይ እንደ ቅርፊት ይጋገራል እንጂ፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ጠዋት ከተፈጨ እንደ እበት ይሠራል። ፍየል ደግሞ የዚህ አገር ሀብት ነው፤ የአበርገሌን ፍየል የማያውቅ የለም። ሰቆጣ ያለው የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ፍየሉ ወተትና ሥጋ ብዙ ደክሟል። በበጠጡም ላይ አንድ ሙከራ ቢጨምርልን ለቆላው ሁሉ ይተርፍ ነበር።

ውሃው ይከብዳል። ለ20 ኪሎ እበት 20 ሊትር ውሃ፤ በየቀኑ አንድ ጀሪካን። ለመጀመሪያ ሙሌቱ ብቻ ደግሞ ከሺህ ኪሎ በላይ እበትና ያንኑ ያህል ውሃ ይጠየቃል። ከታች ተከዜ አለ፤ በ2002 ዓ.ም የተመረቀው 188 ሜትር የሚረዝመው ግድብ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከሰሃላ ዳገት ላይ ሆኖ ያንን ሸለቆ ማየት ይከብዳል፤ ውሃውም መብራቱም ከታች ነው፣ ጀሪካኑ ግን በእናት ጀርባ ነው። ጭሱን አጥፍተን በፋንታው ሌላ ሸክም ብንጭንባት አልረዳናትም።

ስለዚህ ከየቤቱ በፊት ቆሻሻውና ውሃው አንድ ላይ ከሚገኙበት ብንጀምር እላለሁ። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ፈርሱ ሜዳ ላይ የሚደፋ ቄራ፣ አተላው ቦይ ውስጥ የሚፈስ ጠላ ቤት፣ መፀዳጃው የሚሞላ ትምህርት ቤትና መጠለያ አለ። ሁሉም እርጥብ ነው፤ ሁሉም እርሾውን ይዟል። የትምህርት ቤት ምገባ የሚያበስሉ እናቶች በጭስ ታፍነው ሲውሉ፣ እሳቱ በዚያው ግቢ መፀዳጃ ሥር ተቀብሮ አለ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የጉድጓዱ አየር ገዳይ ነውና ለጥገናም ቢሆን ጉድጓዱ በደንብ ሳይናፈስ ማንም ሰው ውስጥ አይግባ።

አዲስ አበባ በቆሻሻ ረገድ ለትምህርት የሚሆን ከባድ ዋጋ ከፍላለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ቀበረ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው አጠገብ የረጲ ማመንጫ ተመረቀ፤ ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ። የከተማው ቆሻሻ ግን ብዙው የምግብ ትራፊና ልጣጭ ነው፤ እርጥብ ነው። እርጥብን ለማቃጠል መጀመሪያ ውሃውን ማትነን ይጠይቃል፤ ባክቴሪያ ግን የሚፈልገው ያንኑ እርጥበት ነው። ከየቤቱ ሲወጣ እርጥቡን ከደረቁ የለየ ከተማ ሁለቱንም እንደየባሕርያቸው ይሠራባቸዋል። የእንግሊዟ ኤክስተር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1895 ከፍሳሿ በወጣ ጋዝ የመንገድ ፋኖስ አብርታለች። ሰቆጣ ገና ትንሽ ናት፤ ቆሻሻዋ ተራራ ሳይሆን መለየት የምትችልበት ዕድል በእጇ ነው።

ከሰሃላ የወጣሁ ዕለት ጠዋት ይህን ሁሉ ለእናት ነግሬያቸው ነበር። ጠላውን እንደ ምሳሌ ሳነሳ ቶሎ ገባቸው። «ተመርጎ እንዳይተነፍስ ነዋ» አሉ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ውሃው ስንት ነው?»

«በቀን አንድ ጀሪካን።»

በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ቢጫ ጀሪካን አዩት። ምንጩ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይወርዳሉ። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ቆይተው ተነሡና ወደ በረቱ ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ሌሊቱን ላሞቹ የተኙበት መሬት ርሷል፣ ጭቃ ሆኗል።

«ይሄስ ውሃ አይደለም?»

የላም ሽንት ብቻውን ለጉድጓዱ ጥቃቅን ፍጥረታት እንደሚከብድ፣ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ግን የውሃውን ከፊል ሊተካ እንደሚችል፣ ናይትሮጅኑም ለማሳው እንደሚተርፍ ነገርኳቸው። «ታዲያ!» አሉ። ከግድግዳው ልምጭ አንሥተው ከላሟ መቆሚያ ጀምሮ ቁልቁል ወደ በሩ መሬቱ ላይ መስመር ጫሩ። ወለሉ ድንጋይ ቢነጠፍ፣ በዚህ በኩል ትንሽ ዘንበል ቢል፣ ሌሊት የወረደው ሁሉ እዚህ ይጠራቀማል። የጎረቤታቸውም በረት ከካቡ ማዶ ነው፤ እርሻውን በወንፈል እንደሚያርሱ፣ እበቱንም በወንፈል ቢያደርጉት፣ ሁለት ቤት በአንድ ጉድጓድ፤ የመጀመሪያውን ሙሌት በክረምት፣ ውሃው ደጃፍ ሲወርድ። ይህን ሁሉ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ኩበቱ ላይ ትናንሽ ጣቶቿን ያተመችው ልጅ መስመሩን ተከትላ ወርዳ፣ ጫፉ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀመጠች።

«እዚህ ነው ጉድጓዱ?» አለች።